ጋሽ ሽፋ ያስተካከሉት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ውስጥ አንድም ሰው ኮምፒውተሩን መክፈት አልቻለም። የሁሉም ፓስወርድ ትክክል ነው፤ ሰርቨሩ ግን ማናችሁንም አላውቅም አለ። ደንበኛው እስከ በሩ ተሰልፎ እኔ ኬብል ስነቅል ስሰካ ረፈደ። መጨረሻ ላይ የሰርቨሩን ሰዓት አየሁት። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሰዓቱ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር ካልገጠመ ደግሞ ማንንም አያስገባም።

የነኩት ጥበቃው ጋሽ ሽፋ ናቸው። ራሳቸው በኩራት ነገሩኝ። የሰርቨሩን ክፍል ሊያናፍሱ ሲገቡ ስክሪኑ 8:00 ይላል። «ገና ሁለት ሰዓት ነው እኮ! ልጁ እንዳይሳሳት ብዬ እንደ ስልኬ ነካ ነካ አድርጌ አስተካከልኩልህ» አሉኝ። ትናንት ስክሪኑን ሳልቆልፍ የወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ «ሰርቨሩን ማን እንደነካው ነገ ጠዋት ትነግረኛለህ» ብሎኛል። የጋሽ ሽፋን ስም ብሰጠው በዚህ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል? የራሴን እንዳልሰጥ ባለፈው ወር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተቀብያለሁ። እስከ ሰፈሬ 18 ማዞሪያ ታክሲ ውስጥ ይህንኑ ሳብሰለስል መጣሁ፤ መላ የለውም። በዚህ የኮምፒውተር ሥራ ሁሉም ነገር ሲሠራ ማንም አያይህም፤ ስምህ የሚጠራው ሲበላሽ ብቻ ነው። ሰልችቶኛል።

ከቢሮ ስወጣ ጋሽ ሽፋ በሩን እየከፈቱልኝ፣ «ልጄ፣ ሰዓቱ ልክ ሆነልህ?» አሉኝ።

«ልክ ሆኗል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። ነገም ሰዓቱን ሊያዩልኝ ቃል ገቡልኝ።