ጨው ውሃ ብቻ የተወጉት

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ አንቺን ማሰቡ ካልተቆጠረ፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ወደ ቤት ሳይሆን ወደምትሠሪበት ስፌት ቤት የላክሁት አውቄ ነው፤ አንብበሽ እዚያው ተይው።

ሐኪሙ ልብሽ ከመጠኑ በላይ ገዝፏል፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብሎ ሲያፋጥጥሽ ምንም አልወስድም ማለትሽን በደብዳቤሽ ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አይጥ አሳዳጊዋ እያልሽ ብትስቂብኝም የእኔ ሥራ ይኸው ነው። አይጦችን ልብ የሚያገዝፍ መድኃኒት እንወጋለን፤ በኋላ ልባቸውን አውጥተን እንመዝናለን። መድኃኒቱ በድንጋጤ ጊዜ ነርቮች ለልብ የሚልኩትን መልእክት አስመስሎ ይሠራል። ልብ ያለ ዕረፍት ሲሮጥ ጡንቻው ይወፍራል፤ መልእክቱን ጠርጎ የሚያጠፋው ኢንዛይምም ይደክማል።

ለማነጻጸሪያ የያዝናቸው የሚወጉት ጨው ውሃ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን የእነሱም ልብ ከብዶ ተገኘ። አለቃዬ መርፌ አቀያይረሽ ነው ብሎ ጮኸብኝ። ማልሁለት፤ አላመነኝም። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አገላበጥሁት፤ እጄ አልሳተም። በመጨረሻ ወንበር ስቤ ከቀሩት አይጦች የሽቦ ሣጥን አጠገብ ተቀመጥሁ። ሣጥኑ ያለው ከብረቱ በር ሥር ነው። በሩ ጓ ባለ ቁጥር ሁሉም ክው ብለው ይቀራሉ። ቆይቼ ሳይ ደግሞ፣ ገና በሩ ሳይነካ፣ ኮቴ ሲሰሙ ይደርቃሉ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ አልሽኝ። ባለፈው ቤትሽ መጥቼ እየሳቅን ሳለ ውጭ የባልሽ መኪና ሲቆም ሳቅሽን ዋጥ አድርገሽ ብድግ አልሽ። ልጆቹም አሻንጉሊታቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። እኔ ጅሏ፣ ምድጃ ላይ የረሳሽው ነገር ያለ መስሎኝ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። ምድጃው ጠፍቶ ነበር።

አሁን ሣጥኑን ከበሩ አርቀነዋል። አዲስ የገቡት አይጦች ጥጋቸውን ይዘው ይተኛሉ።

ሐኪሙ የጠየቀሽ ስለ መድኃኒት ብቻ ነው። እኔም ሌላውን አልጠይቅሽም፤ እውነቱን ስትነግሪኝ መስማት እፈራለሁ። ብቻ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ዕቃ አታብዢ፣ ለማንም አትንገሪ።

ሰላምታዬን ለልጆቹ አድርሽልኝ፤ ለእነሱ ብቻ። ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ በሩን ግን ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ፣ ሲዘጋ አይሰማም።

ታናሽሽ፣
አይጥ አሳዳጊዋ