ሻይ ውስጥ የገባው ዱቄት

ልጄ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ። ያለ ጊዜው የተወለደው የእህትሽ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ከጫማዬ አይበልጥም፣ ሲያለቅስ ግን ጎረቤት ይሰማዋል። አንቺስ ቁርስ ትበያለሽ?

እኔስ ትናንት ጉድ ሠርቻለሁ። የእህትሽ አማት ሊጠይቁን መጡ። እንደ ልማዳቸው ገና ሳይቀመጡ፣ «የእናቱ ወተት ውሃ ነው፤ የጣሳ ወተት ግዙለት» አሉ። ነገሩን ላስረሳቸው ብዬ ሻይ አፈላሁና ኩሽና መደርደሪያ ላይ ካገኘሁት ከረጢት የወተት ዱቄት ጨመርኩበት። እህትሽ ከመኝታ ቤት ወጥታ ባዶውን ከረጢት ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማ፣ እሱ እኮ የኔ የጡት ወተት ነው» አለች በጆሮዬ።

ለካ ሆስፒታሉ እዚያ ሳለች የታለበውን በብርድ አድርቆ ዱቄት አድርጎ ሰጥቷት ኖሯል። ልጁ ቶሎ እንዲጠነክር አዲስ ከምታልበው ጋር ቀላቅላ ትሰጠዋለች። የሰው ወተት ዱቄት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ሲኒው ደግሞ አማትየው እጅ ላይ ነው፤ ልቀማቸው?

ጭልጥ አድርገው ጠጡና፣ «ወተት ማለት ይሄ ነው! ለልጁም ከዚህ ግዙለት» አሉ።

እህትሽ ከወለደች ወዲህ ገና ትናንት ሳቀች። ለባሏ እንዳትነግሪብኝ። ፈጣሪ በጤና ዓይንሽን ያሳየኝ።

ደግሞ እባክሽ አንድ ነገር ምከሪኝ፤ አማትየው እሑድ ያንኑ ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ።

እናትሽ