በአምፖሉ ዙሪያ ያዩት ቀለበት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንዴት ከረሙልኝ አባባ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እናታችንስ ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያለች ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ምግብም እንቅልፍም አልተጣሉኝም።

የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ አንሶላ ሳሰጣ ፎቶ የማነሣቸውን የፀሐይ ቀለበቶች መውደድዎ አኩርቶኛል። ሰማዩ ስስ ነጭ ሻሽ ሲከናነብ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሰብረው ፀሐይን በክብ ያጥሯታል። ፎቶ ሳነሣ ፀሐይቱን ከጭስ ማውጫው ጀርባ እደብቃታለሁ፤ አለዚያ ፎቶው የፈሰሰ ወተት ይመስላል። እሷ ተደብቃ ቀለበቷ እንዳለ ይቀራል። ልብስ ተኳሹ ባልደረባዬ «ዛሬ ፀሐይን ፎቶ ያነሣህ፣ ነገ ነፋስን ቀጥ ብለህ ቁም ልትለው ነው» ይለኛል። አለቃችን ደግሞ አንሶላው መሬት እስካልነካ ድረስ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አይከለከልም ብሏል። ሊቅ ሰው ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ «አንተ ደመና ስትጠብቅ፣ እኔ በየምሽቱ ከወንበሬ ሳልነሣ አምፖሉ ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያማረ ቀለበት አያለሁ» ብለው ፎከሩብኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀናሁ። በማግሥቱ አንሶላ ለምናጥብለት የዓይን ክሊኒክ ንጹሑን ሳደርስ ለሐኪሟ እንደ ቀልድ አወራኋት። አልሣቀችም። ዕድሜዎን ጠየቀችኝ። ከዚያ «ሳሎን ውስጥ የበረዶ ደመና የለም፤ ቀለበቱ ከዓይናቸው ሊሆን ይችላል። የዓይን ግፊት ሳያሳምም ብርሃን ይሰርቃል፤ ሳይውል ሳያድር ይታዩ» አለችኝ።

አባባ፣ ሐኪም ቤት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ጥርስዎን በገዛ እጅዎ ነቅለው «ተገላገልኩት» ያሉ ሰው ነዎት። ዓይን ግን እንዲያ የሚገላገሉት ነገር አይደለም። እኔን ካላመኑኝ ዛሬ ማታ አምፖሉን በአውራ ጣትዎ ይከልሉት። የኔ ቀለበት ፀሐይ ስትከለልም ሳይጠፋ እንዳለ ይቀራል። የእርስዎ ከአምፖሉ ጋር አብሮ ከጠፋ፣ ከዓይንዎ ነውና ነገ በጠዋት ኮትዎን ይልበሱ። ባይጠፋም ይልበሱ።

ለእናታችን ጉልበቷን እስማለሁ ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜን ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ ጫማዬን መልበሱን ሰምቻለሁ፣ ይመርበት። ይህን የምታነብልዎት እኅቴ ትዕግሥቱን ይስጣት፤ ይዛዎት የምትሄደው እሷ ናት። በፀሐይ ግራና ቀኝ የበረዶ ቅንጣቶቹ የሠሯቸው ሁለት አስመሳይ ፀሐዮች የቆሙበት ትልቅ ፎቶ ልኬላታለሁ። ከሐኪም ሲመለሱ ትሰጥዎታለች፤ ቀድመው ቢቆጧትም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። ፀሐዮቹን ቆጥረው ይጻፉልኝ። አራት ናቸው ካሉኝ ራሴ መጥቼ ክሊኒክ እወስድዎታለሁ።

ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ጣሪያ፣ ደመና ባልነበረበት ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን