«ቲቸር ሊጥ»፦ የአራት ልጆች እናት የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «ቲቸር ሊጥ» እያሉ የሚጠሯቸው እህታችን፣ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው። ጎበዝ ተማሪ ስለነበሩ በ1973 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆኑ።

በ1976 ዓ.ም. አናጺውን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው እናቷ የሞተችባትን የሰባት ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ በኋላም ሦስት ወንዶች ተወለዱ። ልጅቱ ጨዋ ነበረች፤ ነገር ግን «እትዬ» ከማለት አላለፈችም። ሻንጣዋንም እንደታሰረ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው። እርሳቸውም አልተጫኗትም። «ሊጥ ሳይቦካ እሳት አይገባም» ይሉ ነበር፣ የጋጋሪ ልጅ አይደሉ!

ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ የእርሳቸው ተማሪ ሆነች። የዚያን ጊዜ ትምህርት ስለ ካርቦን ነበር። ኦርቢታል ከሚባሉት የካርቦን የውጭ ኤሌክትሮኖች ማደሪያዎች አንዱ ክብ፣ ሦስቱ ረዘም ያሉ ናቸው አሉ። ታዲያ ከአራት ሃይድሮጂን ጋር ሲጣመር አራት እኩል እጅ ከየት ያመጣል? ሰሌዳ ላይ ቢሥሉት፣ ቢሰርዙት ለተማሪው አልገባ አለው። በማግስቱ ለክቡ አንድ ቀይ፣ ለረዘሙት ሦስት ነጭ ድቡልቡል ሊጥ ይዘው ገቡ። አንድ ላይ አሽተው፣ አሽተው፣ መልሰው አራት እኩል ቦታ ከፈሉት።

«በሉ እስቲ፣ ቀዩን አምጡልኝ!» አሉ።

አራቱም ሮዝ ሆነዋል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ቅጽል ስማቸውም ያን ቀን ወጣ። ያልሳቀችው ልጃቸው ብቻ ነበረች። «ታዲያ ቀዩ ጠፋ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የሟች እናቷን እያሰበች መሆኑ ገባቸው። «አልጠፋም የኔ ልጅ። ቀዩ ባይኖር አንዳቸውም ይህን መልክ አይዙም ነበር» አሏት።

በዚያው ሳምንት ሻንጣው ተፈታ። አናጺው አባቷ ክፈፍ ሠሩና የወላጅ እናቷ ፎቶ ሳሎን ተሰቀለ። ልጅቱም ቲቸር ሊጥን «እማዬ» ማለት ጀመረች።

እህታችን ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። ባለቤታቸውንም በሞት ካጡ በኋላ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ፣ ያችው ልጃቸው ከአጠገባቸው አልተለየችም። ከዘመድ አንዱ፣ «በሕይወት ታሪክዎ ላይ የወለዷቸውንና ያሳደጓትን ለይተን እንጻፍ ወይ?» ቢላቸው፣ «አራት ብላችሁ ጻፉ! ቀዩን እለያለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይለይ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንደ ቃላቸው እንጽፋለን፦ ቲቸር ሊጥ የአራት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እናንተንም ልጆቻችን፣ እጃቸው እንዳዋሐዳችሁ ያቆያችሁ።