ያልተዋጡት ክኒኖች

መተማ፣ ጥር 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ እናት ለአገኘሽ፤ «ባለቤቴ» ለማለት አፌ እስኪፈታ።

እንደምን ከርመሻል? አባትሽስ ደኅና ናቸው? ገለጉ አባትሽ ቤት ከገባሽ ወዲህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ። ዛሬ ግን ነጋዴው ሽኩር አህዮቹን ጭኖ ደጄ ላይ ቆሟል፤ እንግዲህ መቅደድ የለም።

ጸዳለ ደኅና ናት። ሳሏ ቆሟል፤ ትንፋሿም ተመልሷል። ሳሉ ሲለቃት አባትሽ ለላኳቸው ሽማግሌዎች ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ክኒኑን ሳላቋርጥ ብሰጣት ይኸው ዳነች! አገኘሽ መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ የሰሊጡን ጎተራ ስጠርግ ክኒኖቹን ከሥሩ አገኘኋቸው፤ በምራቅ ርሰው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ጸዳለን ጠርቼ ብጠይቃት መሬት መሬት እያየች፣ «እምዬ ‹ይኸ ነው እሚያፍንሽ፤ ከምላስሽ ሥር ያዥና ትፊው› ብላኛለች። አባዬ፣ እንዳትመታኝ» አለችኝ።

አገኘሽ፣ አንቺ የማታውቂው አለ። ገዳሪፍ ስወስዳት ሐኪሙ መገጣጠሚያዋን የሚያሳብጠው ትኩሳት እንዳይመለስ ክኒኑን በየቀኑ ትዋጥ ሲል በዐረብኛ የሰማሁት እኔ ነኝ። «ብዙ ጊዜ ሲወስዱት ሳንባቸውን የሚጎዳቸው ልጆች አሉ፤ ከሳለች ወይም ትንፋሽ ካጠራት አቁመህ ቶሎ አምጣት» ብሎኝም ነበር። ለአንቺ የነገርኩሽ የፊተኛውን ብቻ ነው። ሳሉ ሲጀምራት ሰሊጡ ደርሶ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አጨዳው ይለቅና እወስዳታለሁ አልኩ።

አንቺ ግን ጸበል ባስጠመቅሻት ሰሞን፣ መድኃኒት አይነካም ተብሎ ክኒኑ ሲቀር ትንፋሿ እንደተመለሰ አስተዋልሽ። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ስትከለክያት እኔ በገበያ መሃል «ልጄን ልትገድል ነው!» ብዬ ጮህኩብሽ። ልጅቱንም ቀምቼ አሰናበትኩሽ። ሰሊጡ አንድም አልረገፈብኝም። አፈርኩ፣ አገኘሽ፤ ሰው ፊት ቀና ማለት አቃተኝ።

አሁን ገዳሪፍ ደርሰን ተመልሰናል። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና ክኒኑ ይቅር አለ፤ ትኩሳቱ ከተመለሰ ሳትውል ሳታድር አምጣት ብሎኛል። ይህንን ሳላጎድል እየነገርኩሽ ነው።

የሚያነቡልሽ የኔታ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉልኝ ብዬ አስቤ ነበር። ይተዉት፤ ጮክ ብለው ያንብቡት። እኔም ዝቅ ብዬ አልሰደብኩሽም።

ሽማግሌ አልልክም። ድንጋይ ተሸክሜ ራሴ ከአባትሽ ደጅ እወድቃለሁ። ብትምሪኝም ባትምሪኝም ጸዳለን ይዤልሽ እመጣለሁ። አምላክ እስከዚያ በጤና ያቆይሽ፤ የአባትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ድንጋዩን ልጅሽ ትምረጥ ብዬ ትናንት ወንዝ ወረድን። እኔ አነስ ያለውን ባሳያት ራሷን ነቀነቀች። ከበድ ያለውን አቅፋ ዳገቱን እስከ ቤት ድረስ ወጣችው፤ አንዴም አላለከለከችም።

የጸዳለ አባት፣ ደምለው