ለሙጫ ተብሎ የወጣ ስኳር

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅና የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተሸለምኩትን የምስክር ወረቀት ስለመመለስ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ውድ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በየስብሰባው እየቀነሰ መሄዱን የሚያበስሩን የወገብዎ ልክ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኔን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ እርስዎ ራስዎ በየሰኞው በሚዛን እንደሚያረጋግጡት፣ ከሚፈለገው በላይ ነው።

ቢሮዎ ገብቼ ማስረዳት ሲገባኝ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከክብደት ዝርዝራችን ጎን መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። የሰው ገመና ሰሌዳ ላይ ሲውል ባለቤቱን እንደሚያርም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እኔም ትምህርቱ እንደገባኝ ለማሳየት ያህል ነው።

ባለፈው ዓርብ በመላው ሠራተኛ ፊት፣ “ፈጥኖ በማሰብ የባልደረባውን ሕይወት ስላተረፈ” ተብሎ የተሰጠኝን የምስክር ወረቀት፣ በመስታወት ከገባበት ክፈፍ ጋር፣ በዛሬው ቀን መልሻለሁ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይመረመር በማስታወቂያ ስለገለጹልን ምክንያቶቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ቁጥር ስለ እርስዎ ይሁን ስለ እኔ ሳይለይ ቢቀር የጸሐፊው ሕሊና ስለተደበላለቀ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ፦ ስለ ክኒኑ። ከስድስት ወር በፊት ኮሚቴዎ ስኳርን ከሻይ ክፍላችን አስወጥቶ፣ ጫን ሲሏት ጠብ የምታደርገውን የማጣፈጫ ክኒን ትንሽ ሣጥን በየጠረጴዛው ስላስቀመጠልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐኪሜ ለጉልበቴ ስል አሥር ኪሎ እንድቀንስ ካዘዘኝ ዓመት አልፎ ነበርና፣ ለእኔ ከሰማይ የወረደች መስላ ታየችኝ። እርግጥ ነው፣ ሻዩ ሲጎነጩት ጣፍጦ ሲውጡት ቁልፍ የላሱ ያህል ይሆናል፤ ግን በዚህ ክኒኗን አልወቅስም። በእርስዎ ግብዣ የመጣችው ነርስ፣ የእርስዎ የአርባ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር ባስተረፈላት አሥር ደቂቃ ውስጥ ነገሩን በቅጡ አስረድታን ነበር። ክኒኗ ከሻዩ ውስጥ ስኳሩን ታስቀራለች፣ ከሻዩ ጋር የሚበላውን ግን አታስቀርም አለችን። ስኳሩን በእርሷ ተክቶ ሌላውን እንደነበረ የተወ ሰው ሊጠቀም ይችላል፤ “ስኳር ትቻለሁና ይገባኛል” ብሎ የሚበላ ሰው ግን ሚዛኑን አይቀየም አለችን። እኔ የንግግሯን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ስላዳንኩ አራት ብስኩት ይገባኛል የሚል ስሌት አወጣሁና ስሌቱን ለማንም ሳላሳይ በትጋት ተግባራዊ አደረግሁት።

ሁለተኛ፦ ስለ ሚዛኑ። የቁርጥራጭ ወረቀት ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ በየሰኞው ጠዋት በሰልፍ መመዘናችን፣ በሁለት ጆንያ መካከል ተራችንን ስንጠብቅ ትሕትናን አስተምሮናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ኪሎ ስቀንስ ፎቶዬን “የወሩ አርአያ” ብለው ለጠፉት። ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ፎቶ ከስኳር የባሰ ጎዳኝ። ባለቤቴ ለእህቶቿ ሁሉ አሳየችው። የጥረዛ ክፍል ልጆች ሲያልፉኝ “አርአያ” ይሉኝ ጀመር። አርአያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በረሃብ መጽሐፍ መስፋት ከበደኝ፣ እርዱኝ ብሎ ቢሮዎን ሊያንኳኳ አይችልም። እርስዎ ደግሞ አርአያዎን ደህና ነህ ወይ ብለው የጠየቁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሙጫው። እዚህ ላይ ለኮሚቴዎ አስተዋይነት ልዩ ምስጋና ይገባል። ስኳር ወደ ግቢው እንዳይገባ ያወጡት ትእዛዝ የሻይ ክፍሉን፣ መክሰስ ቤቱንና የሠራተኛውን ቦርሳ ሲያካትት የጥረዛ ክፍሉን ረስቶታል። ለትልልቆቹ መዝገቦች በእጅ የምናፈላው የዱቄት ሙጫ፣ ከቀድሞው አለቃችን ጀምሮ፣ በየድስቱ አንድ ጭብጥ ስኳር ይጨመርበታል፤ ያለዚያ የመዝገቡ ጀርባ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ “ለሙጫ” ተብሎ በቅጽ ሲጠየቅ ስኳሩን መስጠቱን አላቋረጠም። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። ጣሳው የሚቀመጠውም ከእኔ ጠረጴዛ ሥር ነው።

መጀመሪያ በሻዬ ላይ አንድ ማንኪያ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ራሴን ሲከብደኝ። ቀጥሎ ጠዋትም ይከብደኝ ጀመር። በመጨረሻ ለሙጫው የሚደርሰው ከእኔ የተረፈው ሆነ። መዝገቦቹ እንደ ብስኩት እየተሰበሩ ነው የሚል የደንበኛ ቅሬታ ሲደርስዎ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ ጥራት ነው ብለው ለወረቀት አቅራቢው የጻፉትን ቁጣ የተሞላ ደብዳቤ አንብቤዋለሁ፤ አጻጻፉ ግሩም ነበር። አቅራቢው ንጹሕ ነው። የመዝገቦቹን ጀርባ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

አራተኛ፦ ይህ ቁጥር ሳይጻፍ ቢቀር እወድ ነበር። ሚዛኑ በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ኪሎ ወደ ላይ ሲወጣ “አርአያችንን ምን ነካው?” ብላችሁ በረጅሙ ጠረጴዛ ፊት አቀረባችሁኝ። አራት ሆናችሁ ነበር፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ አምስተኛ። በኪሴ ውስጥ ሁለት ብስኩት ነበረ። “በላሁ” ማለት አንድ ቃል ነው፣ ሰው በእርሱ አይሰቀልም። እኔ ግን “እኔ እንጃ፣ ምናልባት ከሻዩ ይሆናል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ምን እንደሚገባ በምን አውቃለሁ” አልኩ። ይህን ያልኩት ማንንም ለመክሰስ አልነበረም፤ ከወንበሩ ተነስቼ ለመውጣት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ሻያችንን የሚያፈሉት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። ማን ወፍራም፣ ማን ቀጭን ሻይ እንደሚወድ፣ ማን ከቤቱ ተጣልቶ እንደመጣ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ኮሚቴዎ በማግስቱ ቁም ሣጥናቸውን ፈትሾ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ በፌስታል የተቋጠረ ግማሽ ኪሎ ስኳር ስላገኘ ምርመራው እዚያው ላይ ተጠናቀቀ። እትዬ ስኳሩ ለመቁረጫ ማሽኑ ባለሙያ እንደሆነ፣ ሰውዬው መርፌ የሚወጋ የስኳር በሽተኛ ስለሆነ ስኳሩ በድንገት ሲወርድበት እንዲሰጡት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጡለት እንደኖሩ ተናገሩ። እርሱን ጠይቁት አሉ። እርሱ ዕረፍት ላይ ስለነበር ለመጠየቅ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ ኮሚቴው ደግሞ ሥራ ይበዛበታል። አርባ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ሻይ ስኳር አለው የለውም ለማለት አንድ ጉንጭ መቅመስ ይበቃ ነበር፤ የቀመሰ ዳኛ ግን አልነበረም። አርባዎቻችንም እናውቅ ነበር፤ ከአርባው አንድ እንኳ አፍ አልተገኘም። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የእኔ አፍ ደግሞ ሥራ ላይ ነበር።

እትዬ ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት ክፍል ተዛወሩ። የወረቀት ብናኝ እንደ ጭጋግ በሚንሳፈፍበት ክፍል ጆንያ ሲጠቀጥቁ፣ ግድግዳው ስስ ነውና፣ ሳላቸው ከጠረጴዛዬ ይሰማኛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ተነስቼ ከበራቸው ተመልሻለሁ።

አምስተኛ፦ ስለተሸለምኩበት ቀን። የማሽኑ ባለሙያ ከዕረፍት በተመለሰ በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ ምሳው ሳይደርስ ላብ አጠመቀውና እግሩ ከዳው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም “ስኳር! ስኳር!” እያለ ሮጠ። የሮጠው ወዴት ነበር? ወደ እትዬ ቁም ሣጥን፤ በኮሚቴው ትእዛዝ ባዶ ወደሆነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ደግነቱ አይረሳም፣ አምስት የማጣፈጫ ክኒን በውሃ አሟሙቶ ሊያጠጣው ከአፉ ሲያደርስ፣ እትዬ ከነብናኛቸው ደርሰው ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበሉ። “ይሄ ምላስን እንጂ ደምን አያታልልም፤ ስኳር አምጡ” አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያ “ፈጥኖ ማሰቤ” የታየው። ከጠረጴዛዬ ሥር ጣሳዬን ይዤ ሮጥኩ። በሳምንቱ መጀመሪያ ሙሉ ሆና የወጣችው ጣሳ ታችዋ ላይ ጥቂት ብቻ ነበር የቀራት። ከጣሳዋ ታች ስኳሩን ስጠርግ እጄ የተንቀጠቀጠው፣ እናንተ እንዳላችሁት፣ ለባልደረባዬ በመጨነቅ ብቻ አልነበረም። ጠዋት የጠጣኋቸውን ሁለት ብርጭቆዎች እየቆጠርኩ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ የተረፈው በቃ። እትዬ በጥብጠው፣ አንገቱን ደግፈው፣ ቀስ እያሉ አጠጡት፤ ፊቱ ሲመለስ ምሳውን አስመጥተው አበሉት። ሕይወት ያተረፈ ሰው ካለ እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ወደ ጆንያቸው ተመለሱ፣ እኔ ተጨበጨበልኝ።

ያላያችሁት አንድ ነገር አለ። ጣሳው ውስጥ ማንኪያ ነበር። እጀታው ላይ ቀይ የጥረዛ ክር የተጠመጠመበት፣ ጫፉ ሻይ ያጠቆረው ማንኪያ። እትዬ ከሌላው እንዲለዩት ክሩን ለምነውኝ ድሮ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ በየክፍሉ እየዞሩ ሲፈልጉት “አላየሁም” ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ስኳሩን የበጠበጡት በዚያው ማንኪያ ነው። ክሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ማማሰላቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው “ወንድሜ፣ ማንኪያዬን ከጨረስክበት መልስልኝ” አሉኝና ሄዱ። ሰድበውኝ ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከዚያ ዓርብ መጣና ሸለማችሁኝ፤ እርሳቸውም ከኋላ ረድፍ ቆመው አጨበጨቡልኝ።

እነሆ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እንዲጠራ ብዙ አሳደርኩት። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህ ነው፦ እትዬ ዛሬውኑ፣ እንደ ምሕረት ሳይሆን ይቅርታ ተጠይቀው፣ ወደ ሻይ ክፍላቸው ይመለሱ። የማሽኑ ባለሙያ ስኳርም ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለስ። በቁርጥራጭ ወረቀት ክፍል ለሚጎድለው ሰው እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም ጆንያ መጠቅጠቅ ያቀጥናል፣ ሚዛኑም እዚያው ነው። ክኒኗን በተመለከተ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ብስኩቱ እሞክራታለሁ። እስካሁን እርሷን ሞክሬያት አላውቅም።

ለጤናችን የማይተኛው ኮሚቴዎ በእኔ ቃል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ፈጣን ፍርድ ስለሰጠ፣ በቃሌ ይህን ያህል ያመነ ሰው ከወላጅ እናቴ በቀር ገጥሞኝ እንደማያውቅ በመግለጽ፣ የሚቀንሰው ሁሉ እንዲቀንስልዎ፣ የማይቀንሰው ደግሞ ሰሌዳ ላይ እንዳይወጣብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የወሩ አርአያ፣
የጥረዛ ክፍል ዋና ሠራተኛ

አባሪ፦ አንድ የምስክር ወረቀት ከነክፈፉ፤ አንድ ባዶ ጣሳ።

ግልባጭ፦
ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ (በእምነት ለሰጡኝ ስኳር ሁሉ)
ለወረቀት አቅራቢው (ከይቅርታ ጋር)
ለባለቤቴ (ፎቶውን ከእህቶቿ እንድትሰበስብ)

ማስታወሻ፦ ማንኪያውን ከአባሪው ጋር አላያያዝኩም፤ ዛሬ ጠዋት ለእትዬ በእጃቸው መለስኩ። በቀሚሳቸው ጠረጉትና፣ የሚያማስሉበት ሻይ ስለሌላቸው፣ ኪሳቸው ከተቱት። የማሽኑ ባለሙያ በወደቀ ቀን ከማሽን ክፍሉ በአንድ ግድግዳ ርቀት፣ በተቆለፈው ቢሮዎ ውስጥ ያለውን ባለ ክዳን የእንግዳ ስኳር ዕቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቁልፉን ለመጠየቅ የደፈረ ግን አልተገኘም። በዚህ እንኳ እርስዎና እኔ አንድ ነን፣ ሁለታችንም ስኳራችንን በሌላ ስም እናስቀምጣለን። ደብዳቤውን ከሰሌዳው ላይ ለመላጥ ካሰቡ ግን እንዳይደክሙ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ሙጫውን ዛሬ ሳፈላው፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ስኳሩን ሙሉ ጨምሬበታለሁ።