ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ያልኩ ጊዜ

ውድ ፔንግዊን፣

በዚህ ስም ስጠራህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ላፕቶፕህ ክዳን ላይ በለጠፍካት የሊኑክስ ወፍ ምክንያት ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለማላገጥ ነበር፤ በኋላ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ ጥበቃው ሳይቀር፣ ሌላ ስም እንዳለህ ረሳ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ልደውልልህ እያልኩ ስንቴ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። በስልክ ከሆነ በቀልድ ጀምሬ ዋናውን ነገር እንደምሸሸው ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ከደረጃው ሥር የነበረችው የኮምፒዩተር ክፍላችን አሁን የወረቀት ማከማቻ ሆናለች። እዚያ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ስድስት ዓመት ተከራከርን። እኔ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወጣ ሲባል በመጀመሪያው ቀን ካልጫንኩት እረፍት የለኝም፤ ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀነሰ የሚለውን እንደ ሰፈር ወሬ ነበር የማሳድደው። አንተ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ሲስተም፣ ሊኑክስህን፣ ሙጥኝ አልክ። «ማንም ከፍቶ አይቶ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ክዳኑ ታሽጎ የመጣ ድስት ውስጥ ምን እንደሚበስል በምን ታውቃለህ?» ትለኝ ነበር። እኔም መብላት እንጂ ክዳን መክፈት እንደማልፈልግ እመልስልሃለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሻይዋን ይዛ እኛን ልትሰማ ትመጣ እንደነበር አትረሳም። አንድ ጊዜ ሊኑክስህ ፕሪንተሩን አላውቀውም ብሎህ ሁለት ቀን ሙሉ ስትታገል፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ታትሞ ቢወጣ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

እትዬ ጆሮን ግን በክርክር አላሸነፍካቸውም፤ በሥራ ነው ያሸነፍካቸው። የችሎት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ከሚገለብጡት ሠራተኞቻችን እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፤ ጆሯቸው ግን ዳኛው ወረቀት ሲገልጡና ጠበቃው ወረቀት ሲገልጥ ለይቶ ያውቃል። በዚያ አሮጌ ኮምፒዩተራቸው ላይ ሊኑክስ ጭነህ፣ የጻፉትን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ድምፅ አስገባህላቸው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አማርኛን ትናንት እንደተማረ ሰው ነበር የሚያነበው። «ይመታል» ሲል መቺው ይሁን ተመቺው አይታወቅም። እትዬ ጆሮ፣ ችሎት ውስጥ መቺና ተመቺ ከተምታታ ምን ቀረ ብለው ሳቁ። በየምሳ ሰዓቱ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ እሳቸው እየነገሩህ አንተ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል አንድ በአንድ አስተካከልክ። ስምንት ወር ፈጀባችሁ። ቃላቱ ሦስት ሺህ አለፉ።

ከዚያ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። የሹመት ደብዳቤዬ ቀለም ሳይደርቅ አንድ እቅድ ይዤ ተነሣሁ፦ አርባ ሁለቱም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ሲስተም ይኑረው፣ ሥራው ሁሉ ወደ ክላውድ፣ ወደ ኢንተርኔቱ ማከማቻ፣ ይውጣ። ዘመኑ የሚለው ይህን ነበር፤ ሁሉም አንድ ሲሆን ደህንነቱም ጥገናውም እንደሚቀል አሁንም አምናለሁ። አንተ ስብሰባው ላይ እጅህን አውጥተህ፣ «አርባ አንዱን ቀይር። የእሳቸውን ተው» አልክ። እኔ መሥሪያ ቤቱ የአንተ መጫወቻ አይደለም ብዬ በሰው ፊት አሸማቀቅኩህ። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ገጽ ወረቀት አስቀመጥክ።

የሆነውን ታውቃለህ። አንተ በሌለህበት ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ የእትዬ ጆሮን ኮምፒዩተር ፎርማት አደረግሁት፤ ሦስት ሺሁ ቃል አብሮ ተደመሰሰ። ሰኞ ጠዋት ማዳመጫቸውን አጥልቀው ትንሽ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ዝም አለኝ» አሉኝ። በሳምንት ውስጥ ይስተካከላል ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አዲሱ ሲስተም ላይ የጫንኩት ማንበቢያ አማርኛውን እየቆራረጠ ከመንተባተብ አላለፈም። ወር አለፈ። ስልክ እንዲያነሱ ወደ እንግዳ መቀበያው ተዛወሩ፤ ሃያ ዓመት በችሎት ቃል የኖሩ ሰው «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ሲሉ ይውሉ ጀመር። በአምስተኛው ወር ሥራ ለቀቁ። እኔ በሪፖርቴ ላይ «አንዲት ሠራተኛ ከአዲሱ አሠራር ጋር መላመድ አልቻሉም» ብዬ ጻፍኩ። ያንን አንብበህ ነው በሳምንቱ ቁልፍህን አስረክበህ የሄድከው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ወረቀትህን ለማንበብ ጊዜ አላገኘሁም ብዬህ ነበር። ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «የቃላቱን ቅጂ እስካወጣ ሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ» የሚለውን መስመር በቃሌ ይዤዋለሁ። ለምን አልሰጠሁህም? ሰው ሁሉ እኔን ኃላፊውን አልፎ ወደ አንተ ስለሚሄድ ነው። እትዬ ጆሮ በኮሪደሩ ሲያልፉ «ፔንግዊኑ አለ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔን ፈልገው አያውቁም። ቅናት ነበር። የቴክኖሎጂ አስተያየት የሚል ካባ አልብሼው ኖርኩ።

ዘንድሮ ደግሞ ጊዜው የሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የኤአይ፣ ሆነ። እንደምትገምተው ቀድሜ የሮጥኩት እኔ ነኝ። የሁለት ሰዓት ችሎት በስድስት ደቂቃ ገልብጦ ሲሰጠኝ እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ። ከወር በፊት ግን አንድ ጉዳይ መጣ። መኪና ሰው ገጭቶ አምልጧል፤ ምስክሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑ «ሹፌሩን አየሁት» ብሎ ጻፈ። ስታጣራ የነበረችው ጸሐፊ «አላየሁትም» ያሉ መሰለኝ አለች። አሥር ጊዜ ሰማሁት፤ ከላይ የአየር ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሽማግሌው ይዋጣሉ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በዚያች አንዲት ቃል አንድ ሰው ሊታሰር ይችላል።

ድምፁን በፍላሽ ይዤ እትዬ ጆሮ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው «ማን ልበል?» አሉኝ። ስነግራቸው «ግባ» አሉኝ። አንድ ጊዜ ሰሙና ማዳመጫውን አወለቁ።

«‹አላየሁትም› ነው ያሉት። ‹ላ›ን ውጠዋታል፣ መጨረሻዋ ‹ም› ግን ቀስ ብላ ትሰማለች፤ ጥርስ የላቸውም መሰለኝ።»

ችሎቱ ሽማግሌውን እንደገና ጠራቸው። «አላየሁትም ብዬ ነበር፣ በቀሩኝ ሁለት ጥርሶች ከዚህ በላይ እንዴት ልናገር?» አሉ ተባለ።

እዚያው ቤታቸው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ልሄድ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ፤ ስለጠፉት ቃላት ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። እሳቸው አቋረጡኝ።

«እሱማ የፔንግዊን ጥፋት ነው። ቅጂ ሳላስቀምጥ ቀረሁ ብሎ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ አልቅሷል። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሣሁለትም።»

ለምን እንዲህ አደረግህ? እኔን እንዳይጠሉ ብለህ ነው? ወይስ ከመሥሪያ ቤቱ ስትወጣ የእኔን ጥፋት ልትሸከም ለራስህ ምለህ? ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሳመነዥከው ከረምኩ። ያኔ ግን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ወረቀቱን፣ ሁለቱን ቀን፣ ቅዳሜውን፣ ቅናቱን። እትዬ ጆሮ የማዳመጫውን ገመድ በጣታቸው ጠቀለሉ። ጎረቤት ውኃ ሲቀዳ ይሰማል።

«ሦስት ዓመት ያለ ጥፋቱ ተቀይሜዋለሁ» አሉ። «ያንተን ይቅርታ ቀስ ብዬ አስብበታለሁ። የእሱ አይቆይም። መጀመሪያ አንተ እውነቱን ጻፍለት፤ ከዚያ እኔ እደውላለሁ።»

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ የድሮ ሪፖርቴ ስህተት እንደነበር በጽሑፍ አስገባሁ። ፊታቸው አልተፈታም፤ ቢሆንም የሽማግሌው ጉዳይ ወሬው ደርሷቸው ነበርና፣ ማሽኑ የጻፈውን በመጨረሻ ሰምቶ የሚያረጋግጥ ሰው እንዲቀጠር ፈቀዱ። እትዬ ጆሮ ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። ኮምፒዩተራቸው ላይ የጫንኩት ሊኑክስ ነው፤ እየተሳደብኩ ተማርኩት፣ ሳቅህ ይሰማኛል። በየቅዳሜው ቤታቸው ሄጄ ቃላቱን ከዜሮ እያስተካከልን ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰናል። አንተ የነበረህ ትዕግሥት የለኝም፤ እሳቸውም ደጋግመው ያሳስቡኛል።

አልዋሽህም፣ አዲስ ነገር አሁንም እወዳለሁ። ኤአዩም የትም አይሄድም፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ሊኑክስህም ከፕሪንተር ጋር ያለውን ጠብ ገና አልጨረሰም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ማንኛውም ሲስተም ከመፍረዴ በፊት አሁን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ዘግይቷል፤ አውቃለሁ።

ተመለስ አልልህም፤ ይቅር በለኝ ብዬም ላጣድፍህ አልፈልግም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ስታረጋግጥልኝ ለእትዬ ጆሮ እነግራቸዋለሁ፤ ባዶ መልእክት ብትልክም ይበቃኛል። ቁጥራቸውን ቀይረዋል። በዚህ ሳምንት የማታውቀው ቁጥር ከደወለልህ፣ እባክህ አንሣው።

ወዳጅህ ልሁን አልሁን አንተ የምትወስነው፣
የድሮ ተከራካሪህ